በሬን የሚጠብቅ ዐይን

ዘመኑ ሁለት ሺህ ዐሥራ አንድ ነው፤ ወሩ ኅዳር። ጠዋት ውርጭ ይጥላል፣ ቀን ፀሐዩ ይከራል፣ ዝናብ የለም። ገብሱ ታጭዶ ተከምሯል።

በዚያ ኅዳር አንዲት ትንሽ ነገር ፈለግሁ። ከባለቤቴ ከአስካለ ጋር አብሬ ከደጄ ወጥቼ ደብረ ብርሃን መድረስ። ልጃችን ፍሬሕይወት እዚያ ወልዳለች። የተወለደችው ሴት ናት፤ የመጀመሪያ የልጅ ልጃችን። ሰማንያ ቀኗ እሑድ ይሞላል፤ ክርስትና ትነሣለች።

ነገሩ ትንሽ ነው፤ ቤቱ ግን ጠባቂ የለውም። አምና ሁለታችንም ለቅሶ ልንደርስ ወጣን። ስንመለስ ሦስት በግ የለም፣ መጥረቢያዬም የለም። ከዚያ ቀን ወዲህ አንዳችን ስንሄድ አንዳችን እንቀራለን። ልጅቷ ስትወለድ አስካለ ሄደች፣ እኔ ቀረሁ። ለክርስትናውም እኔው ልቅር አልኋት።

«አትቀርም» አለች አስካለ። «ልጅቷ አድጋ ዘበኛው ብላ ትጠራሃለች።»

«እንግዲያው አንቺ ቅሪ።»

«እኔም አልቀርም።»

አማቼ ኢዮብ፣ የፍሬሕይወት ባል፣ አንድ ጊዜ ስለ አንድ መሣሪያ አጫውቶኝ ነበር። ከደጅ ይሰቀላል፤ ሰው ሲገባ ያያል፣ ይጮኻል፣ ያየውን በስልክ ይልካል ብሎኛል። እኔ የተማርሁት እስከ አራተኛ ክፍል ነው። ወረቀት አወጣሁና በእጄ ጻፍሁለት። «ልጄ ኢዮብ፣ በሬን የሚጠብቅ ነገር ላክልኝ። ከክርስትናው በፊት ይድረስ።» ወረቀቱን ከተማ ለሚሄድ ሰው ሰጠሁ።

ሰኞ ጠዋት አንድ ባለሙያ ሳጥን ተሸክሞ መጣ። ስሙ ታረቀኝ ነው። ሰላም ብሎ ሳጥኑን አወረደ።

«የቱ ነው አባባ?» አለኝ።

«ምኑ?»

«በሬው።»

ሁለት በሬ አሉኝ፤ ዳማና ቦቃ። ዳማ ቅርብ ስለነበር አሳየሁት። ታረቀኝ ከሳጥኑ አንድ ሰፊ የቆዳ ማሰሪያ አወጣ። ማሰሪያው ላይ እንቁላል የምታህል ካሜራ አለች። ቀስ ብሎ ተጠጋና በዳማ አንገት ላይ አሰራት። ዳማ ዞር ብሎ መስታወቷን ላሰ።

«ምን እያደረግህ ነው?» አልሁት።

«የታዘዝሁትን ነዋ። ኢዮብ ወረቀቱን ሰጥቶኛል፤ በሬን የሚጠብቅ ይላል።»

«እኔ ያልሁት ደጄን ነው!»

ታረቀኝ ወረቀቱን ከኪሱ አውጥቶ አየው። ደጋግሞ አየው። «ጠብቆ ሲነበብ ደጅዎ ነው፤ ላልቶ ሲነበብ ከብትዎ ነው» አለ።

«ታዲያ ጠበቅ አድርገህ አታነብም?»

«ወረቀት ላይ አይጠብቅም አባባ። አይላላምም።»

አስካለ ግድግዳ ይዛ ሳቀች። ዳማም ማሰሪያውን አውልቁልኝ ብሎ ራሱን ነቀነቀ። አወለቅንለት።

ቢሆንም ካሜራዋ ካሜራ ናት፤ ደጅም ትጠብቃለች አለ ታረቀኝ። ለጋጣው ብሎ ያመጣውን ደወልና ኃይል የሚሰጥ የፀሐይ ሰሌዳም ከሳጥኑ አወጣ። ሥራውን አብረን አሰብን። እሱ በእንጨት መሬት ላይ ግቢውን ሣለ። በሩን ሣለ፣ ጋጣውን ሣለ፣ ቤቱን ሣለ። እኔ ደግሞ ወደ ውጭ ወጣሁና እንደ ሌባ ዞርሁ። ሌባ ብሆን በበሩ እንደማልመጣ፣ በባቄላው ማሳ በኩል ጎንበስ ብዬ መጥቼ ካቡ ዝቅ ካለበት ላይ እንደምዘል አሳየሁት። ስዘል ሱሪዬ ተቀደደ።

«ይኸ ሌባ አርጅቷል» አለች አስካለ።

ታረቀኝ ሥዕሉን አስተካከለ። ካሜራዋ በሩንም የባቄላውንም ማሳ ማየት አለባት። የሚጮኸው ደወል ከቤቱ ጣሪያ ሥር ይሁን፤ የፀሐዩ ሰሌዳ ወደ ምሥራቅ ይዙር። ሁሉም ተስማማን። ከዚያ ታረቀኝ ካቡን ነካ ነካ አደረገና ራሱን ወዘወዘ።

«ይኸ የድንጋይ ካብ ብሎን አይይዝም። ስምንት ክንድ ምሰሶ ያስፈልጋል። እኔ የመጣሁት ለበሬ አንገት ተዘጋጅቼ ነው። ያለ ምሰሶ አልሰቅልም።»

አስካለ ካሜራዋን ዐይን ነው የምትላት። እንግዲህ ዐይኑ ያለ ምሰሶ አይሰቀልም፤ ደጁ ያለ ዐይን አይጠበቅም፤ እኔና አስካለም ያለ ጠባቂ አንወጣም።

ማክሰኞ ጎረቤቴ አያ ወልደየስ ዘንድ ሄድሁ። ባሕር ዛፍ ያለው እሱ ነው።

«ለልጅ ክርስትና ከሆነ ዛፍ አልነፍግህም» አለ። «ያንን ቀጥ ያለውን ውሰድ። ግን መጥረቢያዬ ድንጋይ መትቶ አፉ ተሸረፈ። ያንተስ የት አለ?»

«ሌባ ወሰደው።»

«እንግዲያው በጥርስህ ቁረጠው። ወይም ይኸን ሽርፍራፊ ወስደህ ለሽብሩ ስጥልኝ።»

ዛፉ ያለ መጥረቢያ አይወድቅም፤ ምሰሶው ያለ ዛፍ አይቆምም፤ ዐይኑ ያለ ምሰሶ አይሰቀልም፤ ደጁ ያለ ዐይን አይጠበቅም፤ እኔና አስካለም ያለ ጠባቂ አንወጣም።

መጥረቢያውን ይዤ ወደ ብረት ቀጥቃጩ ወደ ሽብሩ ወረድሁ። ከሰሉ ፊት ተንበርክኮ በአፉ እፍ እፍ ይላል። ጉንጩ ጥላሸት ነው።

«ወናፉስ?» አልሁት።

«ወናፉ ተቀዷል። ከትናንት ጀምሮ ወናፉ እኔ ነኝ። ሚስቴ እራት ስታቀርብልኝ እሱንም እፍ እላለሁ፤ ለምዶብኛል።»

«መጥረቢያው ለነገ ይደርሳል?»

«በእኔ እፍታ ማረሻ ይቅርና መርፌም አይግል። የለፋ የፍየል ቆዳ አምጣልኝና መጥረቢያህን ምላጭ አደርገዋለሁ። እትዬ በላይነሽ ዘንድ አንድ አለ።»

ወናፉ ያለ ቆዳ አይነፋም፤ መጥረቢያው ያለ ወናፍ አይሠራም፤ ዛፉ ያለ መጥረቢያ አይወድቅም፤ ምሰሶው ያለ ዛፍ አይቆምም፤ ዐይኑ ያለ ምሰሶ አይሰቀልም፤ ደጁ ያለ ዐይን አይጠበቅም፤ እኔና አስካለም ያለ ጠባቂ አንወጣም።

እትዬ በላይነሽ ባሏ ሞቶባት ብቻዋን የምትኖር፣ ከእኛ ቤት በታች ያለች አሮጊት ናት። ደጇ ላይ ተቀምጣ ጥጥ ትፈትላለች። ስታየኝ እንዝርቷን አቆመች።

«ሸዋንግዛው ነህ? እግር አለህ እንዴ? ከአምና ወዲህ ከካብህ በላይ አናትህን ብቻ ነው የማየው። ቁራ ተቀምጦ መስሎኝ ስንቴ ልወረውርብህ አስቤያለሁ።»

«የፍየል ቆዳ ፈልጌ ነው እትዬ።»

«የምተኛበትን?»

«አዎ።»

«እኔስ በምን ልተኛ? በምርቃትህ? የአምናውን ጭድ አይጥ ጨረሰው፤ ፍራሼ ባዶ ጆንያ ነው። አዲስ ጭድ አምጣልኝና ፍራሼን ልሙላ፤ ቆዳውን ያኔ ተሸከመው።»

እኔ ጭድ የለኝም። ገብሴ ገና እንደተከመረ ነው። በሁለት በሬ ብቻ ማበራየት አይሆንም፤ ከአምና ወዲህ ደግሞ ከሰው ጋር በሬ አላጣምድም።

ቆዳው ያለ ጭድ አይለቀቅም፤ ወናፉ ያለ ቆዳ አይነፋም፤ መጥረቢያው ያለ ወናፍ አይሠራም፤ ዛፉ ያለ መጥረቢያ አይወድቅም፤ ምሰሶው ያለ ዛፍ አይቆምም፤ ዐይኑ ያለ ምሰሶ አይሰቀልም፤ ደጁ ያለ ዐይን አይጠበቅም፤ እኔና አስካለም ያለ ጠባቂ አንወጣም።

ረቡዕ ወደ አውድማው ሄድሁ። ላቀው የሚባለው ጎልማሳ ከክምሩ ሥር ተጋድሞ ሰማይ ያያል። ነዶው በአውድማው ላይ ተበትኗል። አንድ በሬ ጎኑ ቆሞ ያመሰኳል።

«አታበራይም?» አልሁት።

«በምን? አንድ በሬ ሲዞር የሚወጣው እበት ነው እንጂ ጭድ አይደለም።»

«ስንት በሬ ያስፈልግሃል?»

«ሁለት ባገኝ ዛሬውኑ እጨርሳለሁ። ጭዱን ከፈለግህ አንድ ጭነት ያንተ ነው።»

«የማን ሁለት በሬ?»

ላቀው ሰማዩን ማየቱን አላቆመም። «የማን እንደሆኑ እንጃ። ዳማና ቦቃ የሚባሉ አሉ ይባላል። እኔ ካየኋቸው ዓመት አልፎኛል፤ ሞተው ይሆናል።»

«አልሞቱም። ከግቢዬ ግን አይወጡም። ደጄ ጠባቂ ሲያገኝ እናያለን» አልሁና ተመለስሁ።

ቤት ስገባ ታረቀኝ ቆሎ ይቆረጥማል። ሦስተኛ ቀኑ ነው፤ ሳጥኑ ላይ ተቀምጦ ለአስካለ የጥጥ ፍሬ ማውጣት ተምሯል። አስካለ ምን እንደገጠመኝ ጠየቀችኝ፤ ነገርኋት። ጣቷን እያጠፈች ቆጠረች።

«ጭዱ ያለ በሬ አይወጣም፤ ቆዳው ያለ ጭድ አይለቀቅም፤ ወናፉ ያለ ቆዳ አይነፋም፤ መጥረቢያው ያለ ወናፍ አይሠራም፤ ዛፉ ያለ መጥረቢያ አይወድቅም፤ ምሰሶው ያለ ዛፍ አይቆምም፤ ዐይኑ ያለ ምሰሶ አይሰቀልም። በሬዎቹስ?»

«ያለ ጠባቂ አይወጡም» አልሁ።

«ጠባቂው ማን ነው?»

«ዐይኑ ነዋ» አለ ታረቀኝ ቆሎውን አላምጦ ሳይጨርስ።

«ዐይኑስ?»

«ያለ ምሰሶ አልሰቅለውም።»

«ምሰሶውስ?»

«ያለ ዛፍ። ዛፉም ያለ መጥረቢያ።» ታረቀኝ ቆሎውን አስቀመጠ። «እማማ፣ ይኸ ነገር ራሱ አውድማ ላይ ያለ በሬ ሆነ። ይዞራል።»

አስካለ ወደኔ ዞረች። አልሳቀችም።

«ወልደየስ ስለት የለውም። ሽብሩ ወናፍ የለውም። በላይነሽ ጭድ የላትም። ላቀው በሬ የለውም። ሁሉም የሌላቸውን ነው የነገሩህ። አንተ ግን አለህ።»

ወጥቼ በሬዎቼን አየሁ። ዳማን ከጥጃነቱ ያሳደግሁት እኔ ነኝ። ቦቃን የገዛሁት የአንድ ዓመት ሽንብራ ሸጬ ነው። እነሱ ከጠፉ የምሰቅለው ዐይን ባዶ ግቢ ነው የሚጠብቀው። አልሰጥም ብል ደግሞ እሑድ ፍሬሕይወት ልጇን አቅፋ በር በር ስታይ ትውላለች።

ሐሙስ ጠዋት ውርጩ በበሬዎቹ ጀርባ ላይ ነጭ ሆኖ ነበር። በእጄ ጠረግሁላቸው። መጀመሪያ በሬን ከፈትሁ። ቀጥሎ በሬን ፈታሁ። ለኢዮብ በጻፍሁት ወረቀት ላይ ሁለቱም ያው አንድ ቃል ናቸው።

ላቀው ስንመጣ አየና ከተጋደመበት ተነሣ። ቆቡን አወለቀ።

«አልሞቱም ለካ» አለ።

«ዝም ብለህ አስገባቸው።»

ሦስቱን በሬ አጎዳኝተን አውድማው ላይ አዞርናቸው። ላቀው ያዜማል፤ እኔ ከኋላ እነዳለሁ። አንድ ዓመት ሙሉ ለብቻዬ ስሠራ ዜማውን ረስቼው ነበር። ሁለተኛው ዙር ላይ አፌ ራሱ አስታወሰው። አያ ወልደየስ ከማሳው ሰምቶ መንሹን ይዞ መጣ። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ነፋሱ ሳንጠራው መጣ። ገብሱ ወዲህ ወደቀ፣ ጭዱ ወዲያ በረረ። ላቀው አንድ ጭነት ጭድ ጠቅጥቆ አሸከመኝ።

ጭዱን ለእትዬ በላይነሽ አደረስሁ። ፍራሿን ሞላችና ተጋደመችበት፤ ግራ ቀኝ ተገላበጠች።

«ቆዳው እትዬ።»

«ቆይ፣ አንድ ጊዜ ልተኛበት።»

«እሑድ ክርስትና ነው።»

«ውሰደው ውሰደው። ባሌ ሳይሞት እንኳ እንዲህ ተመችቶኝ አያውቅም።»

አርብ ማለዳ ቆዳውን ለሽብሩ ሰጠሁ። ሰፋው፣ ጠለፈው፣ ከወናፉ አፍ አሰረው። ከሰሉ ቀላ፤ ሽብሩ ጉንጩን አሳረፈ። መጥረቢያውን አግሎ ቀጠቀጠ፣ ውኃ ነከረው፣ ሳለው። በክንዱ ጠጉር ላይ ሞከረና ክንዱን አሳየኝ፤ እንደ ሕፃን ጉንጭ ለስልሷል።

ከዚያ ወዲያ ምንም አልቆመም። በሬዎቹ አበራዩ፣ ጭዱ ወጣ፤ ጭዱ ወጣ፣ ቆዳው ተለቀቀ፤ ቆዳው ተለቀቀ፣ ወናፉ ነፋ፤ ወናፉ ነፋ፣ መጥረቢያው ተሳለ፤ መጥረቢያው ተሳለ፣ ዛፉ ወደቀ። ወልደየስ ራሱ ነው የቆረጠው፤ በሰው እጅ አዲስ ስለት አላስነካም አለ። ዛፉ ወደቀ፣ ምሰሶው ቆመ። ጉድጓዱን እኔና ላቀው ቆፈርን፣ ሽብሩ ድንጋይ ጠቀጠቀበት። ምሰሶው ቆመ፣ ዐይኑ ተሰቀለ። ታረቀኝ ወጥቶ አሰረው። ሽቦውን እስከ ጣሪያው ሥር ሳበ፣ ደወሉን እዚያ ሰቀለ፣ የፀሐዩን ሰሌዳ ወደ ምሥራቅ አዞረ። ኢዮብ የላከውን ስልክም በእጄ ሰጠኝ።

«አሁን ሌባ ያስፈልገናል» አለ ታረቀኝ።

ሽብሩ እኔ ልሁን አለ። ወጣና በባቄላው ማሳ በኩል ጎንበስ ብሎ መጣ። ካቡን ሲዘል ደወሉ ጮኸ፤ ውሻው ሁሉ ጮኸ፤ ስልኩ በእጄ ተንቀጠቀጠ። ሽብሩ ከነጥላሸቱ ስልኩ ላይ ታየ።

«እስቲ እኔን» አለ ላቀው። ወጥቶ ገባ። ጮኸ።

«እናንተ መስረቅ አታውቁም» አለ አያ ወልደየስ። በደረቱ ተሳበ። ጮኸ። ፂሙ ላይ የባቄላ ቅጠል ይዞ ተነሣ።

ሁለተኛ ዙር ሊሰለፉ ሲሉ እትዬ በላይነሽ ምርኩዟን ይዛ በበሩ ገባች። ለእሷም ጮኸ። ስልኩን ተቀብላ ራሷን አየችና መለሰችልኝ።

«ይቺን አሮጊት አታስገባት። ዐይኗ ደስ አይልም» አለች።

አስካለ በጨዋታው አልገባችም። ቤት ውስጥ ነጠላዋን እያጠፈች ነበር። ለልጅቷ ያዘጋጀችውን ነጭ ልብስ በጨርቅ ጠቀለለች። የእኔን ጋቢ አወጣች፤ የተቀደደውን ሱሪዬን ሰፋች።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ከአስካለ ጋር አብሬ ከደጄ ወጣሁ። ሦስት ጊዜ ዞር ብዬ አየሁ፤ አስካለ አንድ ጊዜም አልዞረችም። ዳማና ቦቃ ላቀው ዘንድ ቀሩ። ታረቀኝ ባዶ ሳጥኑን ይዞ ከፊት ከፊታችን ሄደ። አስፋልቱ ላይ ስንደርስ አውቶቡሱ መጣ።

ግማሽ መንገድ እንደሄድን ስልኩ ጮኸ። የአውቶቡሱ ሰው ሁሉ ዞረ። አንዲት ሴትዮ ቦርሳዋን አቀፈች። «አውርዱኝ» ልል አፌን ከፍቻለሁ። ታረቀኝ ከኋላ ወንበር ተጠግቶ ስልኩን ከፈተልኝ።

እትዬ በላይነሽ ናት። በርጩማዋን ተሸክማ መጥታ ከምሰሶው ሥር ፀሐዩ ላይ ተቀምጣለች። እንዝርቷ ይሽከረከራል። ላቀው ቆሞ ያዋያታል፤ ሽብሩ በሩን ተደግፏል። ቀና ብላ ካሜራዋን አየችና አንድ ነገር ተናገረች። ድምፅ ስለሌለው አልሰማሁም፤ ስድብ ይመስለኛል።

አስካለ ስልኩን አየች፤ እኔን አየች።

«ማክሰኞ ነው የምንመለሰው አይደል?» አለች።

ስልኩን አጠፋሁና ኪሴ ከተትሁት።

«የሚቀጥለው ሳምንት እሑድ» አልሁ።

እሑድ ልጅቷ ክርስትና ተነሣች። ከቄሱ እጅ ወደ ክርስትና እናቷ፣ ከክርስትና እናቷ ወደ እናቷ፣ ከእናቷ ወደ አስካለ፣ ከአስካለ ወደኔ መጣች። ተቀበልኋት። ስምንት ቀን ቆየን።